በሳምንት ሁለት ሰዓት ለመደርደሪያው

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎና የስድስት ኪሎ ግቢ የምትማሩ፣ ከፒያሳም ሆነ ከሌላ ሰፈር እየመጣችሁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የምታነቡ ወጣቶች፤ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓታችሁን ለመደርደሪያው ስጡ። መጽሐፍ ከየጠረጴዛው ሰብስቦ ወደ ቦታው የሚመልስ እጅ ያስፈልጋል።

መጽሐፍ ጠፋ የሚባለው ሲሰረቅ ብቻ አይደለም። ከቦታው ሁለት ረድፍ ዝቅ ብሎ የተሸጎጠውም ለፈላጊው ጠፍቷል። እንዲያውም የተሰረቀው ይሻላል፤ መሰረቁ ሲታወቅ ጎደለ ተብሎ ይመዘገብና ምትክ ይፈለግለታል። የተሸጎጠውን ግን ኮምፒውተሩ «አለ» ይላል፤ ተማሪው ሲመላለስ ይውላል። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ አውቆ የሚሸጉጥ አይታጣም፤ ሌላ እንዳይቀድመው የሒሳቡን መጽሐፍ ከታሪኩ ጀርባ ይደብቃል። ይህን የሚያደርገው ተማሪ ከሆነ የሚያቃናውም ተማሪ ቢሆን ነውር የለውም።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩበትን፣ በ1876 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዲዊ አመዳደብ እንውሰድ። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከነጥቡ በኋላ ነው፤ 963.055 ከ963.07 ይቀድማል። ጀማሪው ግን ሃምሳ አምስት ከሰባት ይበልጣል ብሎ ወደ ኋላ ይወስደዋል። አኃዙን አንድ በአንድ ማንበብ ካልተማረ ቅንነቱ ብቻ አያድነውም።

የስሙ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። የፈረንጅ ደራሲ በቤተሰቡ ስም ይደረደራል፤ የእኛው በራሱ ስም። ሀዲስ ዓለማየሁ የሚፈለጉት በ«ሀ» ነው፤ የውጭውን ደንብ ብቻ የተማረ ልጅ ግን በአባታቸው ስም ያስቀምጣቸዋል። ፊደሉስ? ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ላይ ይቆጠራሉ ወይስ ለየብቻ? ሠ እና ሰስ? የትኛውም ቢመረጥ ያስኬዳል፤ ነገር ግን ውሳኔው አንድ ይሁን፣ በወረቀት ሰፍሮም ለሠልጣኙ ይሰጠው። አለበለዚያ የጧቱ ተረኛ የደረደረውን የማታው ያፈርሰዋል።

ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች የምለው አለኝ፦ ሥልጠናውን የግማሽ ቀን ንግግር አታድርጉት። መጀመሪያ ለሠልጣኙ ቁጥር የተጻፈባቸው ካርዶች ስጡትና በቅደም ተከተል ያስቀምጥ። ከዚያ እውነተኛውን መጽሐፍ ይመልስ፤ ግን አያቁመው፣ አጋድሞ ይተወው፤ የሚያቁመው ያረመው ባለሙያ ይሁን። ስህተቱን በዚያው ሰዓት ካላየው አይማርበትም። ሲበቃ አንድ መደርደሪያ በኃላፊነት ይሰጠው። «ሁላችሁም ሁሉንም ጠብቁ» የተባለ መደርደሪያ ጠባቂ የለውም። ከሁለት ሰዓት በላይም አታቆዩት፤ ዐይን ሲደክም ቁጥር ይምታታል።

አያያዝም ይማር። መጽሐፍን ከጀርባው ጫፍ ይዞ መሳብ ጥራዙን ይገነጥለዋል፤ ግራና ቀኙን ገፋ አድርጎ ወገቡን መያዝ ነው። መደርደሪያው ጢም ብሎ አይሞላ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ጣሪያ የሚያፈስበትንና ግድግዳ የሚረጥብበትን ቀድሞ አይቶ የሚናገረው፣ በየሳምንቱ እዚያው የሚቆመው ልጅ ነው።

ጥሪው ለስድስት ኪሎ ግቢ እንግዳ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ፣ አብዛኞቹም በመምህርነት፣ ያገለግሉ ነበር። ዛሬ የሚጠየቀው ከማደሪያው ተነሥቶ እዚያው ግቢ ያለው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት መድረስ ነው። አብርሆትም አራት ኪሎ ላይ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው በአንድ ጊዜ 2000 ያህል አንባቢ እንዲይዝ ታስቦ ነው፤ ያን ያህል ሰው አንስቶ የተወውን መጽሐፍ ጥቂት ሠራተኛ መልሶ አይዘልቀውም።

አንድ ነገር ግን ሳይድበሰበስ ይነገር። በጎ ፈቃደኛ መጣ ተብሎ የተቀጠረ ሠራተኛ መቀነስ የለበትም፤ ተማሪው ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። በጀት ያለው ተቋም የኪስ ገንዘብ ቢከፍል ደግሞ እሰየው፤ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ተማሪ ትንሽ ነገር አይደለም።

በቤተ መጻሕፍት ሥራ ኖራችሁ በጡረታ የወጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ አራዳ አካባቢ ካላችሁ፣ እናንተም ተጠርታችኋል። የተቀደደ ጥራዝ በመንካት ብቻ የምታውቁ፣ መጽሐፍ የት ሊሸጎጥ እንደሚችል የምትገምቱ እናንተ ናችሁ፤ ከየትኛውም መመሪያ ይልቅ የእናንተ አንድ ከሰዓት ያስተምራል። ኃላፊዎችም ምዝገባውን በማመልከቻና በማኅተም አታጓትቱት። የመጀመሪያው ዙር ከፈተና ሳምንት በፊት ይጀመር፤ በየጠረጴዛው ክምሩ የሚበዛው ያኔ ነውና።