ግብረ ገብ ከቅሬ ይማር

እንግሊዞች «ሞራል» የሚሉት ቃል ሥሩ ላቲን ነው፤ «ሞሬስ» ማለት ልማድ፣ የአገር ወግ ማለት ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ግሪኮች «ኤቲኮስ» የሚሉትን በራሱ ቋንቋ ለመግለጽ ስያሜውን ያበጀው ከዚሁ ቃል ነበር፤ የግሪኩም ሥር ልማድንና ጠባይን ይነካል። የጥንቶቹ ሰዎች ሥነ ምግባርን ከልማድ ያስተሳሰሩት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሰው ደግነትን የሚለምደው ደግ ሥራ እየሠራ ነውና። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የወሎን ቅሬ ማየት ይበቃል።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በሀብሩ ወረዳ፣ በግራናም ሆነ በመርሳ ዙሪያ ሰው ሲሞት፣ ማሽላው ለአጨዳ ቢደርስ እንኳ ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ ወደ ቀብር ይሄዳል። ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ጎረቤት ከለቅሶ አይቀርም። ያለ በቂ ምክንያት የቀረውን የቅሬ ዳኛ ይቀጣዋል፤ አልታረምም ያለ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣን ሰው ሬሳ ማን ያነሳለታል? አባቱ ሥራውን ጥሎ ሲሄድ እያየ ያደገ ልጅ ግዴታ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል።

«ልማድ ሁሉ መልካም ነው ወይ? ያለ ዕድሜ ጋብቻና ደም መመለስስ ልማድ አይደሉም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልማድ በልማድነቱ ብቻ ትክክል አይሆንም፤ በፍትሕና በሰው ክብር መመዘን አለበት። ነገር ግን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ከልክሎም ድርጊቱ ፈጽሞ አልጠፋም። ክፉን ልማድ ከሥሩ ለመንቀል ሕጉ ብቻውን አልበቃም፤ መልካም ልማድ ሊተካው ይገባል። ደም የተቃቡ ቤተሰቦችንም የሚያስታርቀው ሽምግልና ራሱ ልማድ ነው።

በንጉሡ ዘመን ይሰጥ የነበረው፣ በደርግ ጊዜ በፖለቲካ ትምህርት የተተካው ግብረ ገብ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል። መልካም እርምጃ ነው። ሆኖም ተማሪው ትርጓሜ ሸምድዶ ፈተና ቢያልፍ ምን ይጠቅማል? የሀብሩ ትምህርት ቤቶች የቅሬ ዳኞችንና ሽማግሌዎችን ወደ ክፍል ይጥሩ፤ ተማሪዎችንም ከመምህራቸው ጋር ለቅሶ ያድርሱ፣ የአቅመ ደካማ ማሳ ያሳጭዱ። ወላጆችም ልጆቻችሁን ከቅሬ አታስቀሩ።