ዕድሜዋን ሳይሆን ውስጧን እዩ

የዛሬው ጉዳያችን ከአንዲት እናት የደረሰኝ ጥያቄ ነው። ልጃቸው ለንግድ ወደ ጓንዡ ይመላለሳል። በቅርቡ ሲመጣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ቡናማ የሸክላ በራድ ይዞላቸው መጣ። ሻጩ «መቶ ዓመት አልፏታል» ብሎ ጥሩ ገንዘብ ተቀብሎታል። እናትየዋ የጠየቁኝ ግን ስለ ዋጋዋ አይደለም። «የልጅ ልጆቼ ቢጠጡባት ምን ይላሉ?» ነው ያሉት።

ከእነዚህ በራዶች ጋር የተዋወቅሁት በሥራ ላይ ሳለሁ ነው። የቻይና ሐኪሞች ቡድን ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገራችን ይመጣል፤ አብረውን ከሠሩት ሐኪሞች አንዷ ሲሰናበቱ አንድ በራድ ሰጡኝ። ዛሬ አራት አሉኝ።

አገራቸው ዪሺንግ ናት፤ በምሥራቅ ቻይና በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፣ ከታይ ሐይቅ በስተምዕራብ የምትገኝ ከተማ። አፈሩ «ዚሻ» ይባላል፣ ሐምራዊ አሸዋ ማለት ነው፤ ቀይና ፈዛዛ ቢጫ ዓይነትም አለው። ሠሪው ጭቃውን በእንጨት መዶሻ እየመታ እንደ ቂጣ ይዘረጋዋል፣ ከዚያ ቆርጦ ያጋጥመዋል። የሚተኮሰው ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እሳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያብለጨልጭ ቅብ ስለሌለው ሸክላው የሻዩን መዓዛ ይይዛል። ጀበናችንን በሳሙና የማናጥበው ለምን እንደሆነ የምታውቁ እናቶች ይህን ለመረዳት አይቸግራችሁም።

ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። መዓዛ የሚይዝ ሸክላ ሻጋታም፣ ሳሙናም፣ አሮጌ እንዲመስል የተቀባውን የጫማ ቀለምም ይይዛል። ከሥሩ የታተመው ማኅተምም ዋስትና አይሆንም። ጉ ጂንግዡ (1915–1996) በዘመናችን ከነበሩት የዪሺንግ ሠሪዎች እጅግ የተከበሩት ናቸው፤ አንድ በራዳቸው በ2010 ቤይጂንግ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ዩዋን በላይ በጨረታ ተሸጧል። እኚሁ ሰው በ1930ዎቹ በወጣትነታቸው፣ ሻንጋይ ውስጥ ለጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ የቀደምት ሠሪዎችን በራዶች አስመስለው ይሠሩ ነበር። በዚያው በ2010 የቻይና መንግሥት ቴሌቪዥን፣ ተራ አፈር በኬሚካል እየቀለመ ዚሻ ተብሎ እንደሚሸጥ አጋልጧል። ስለዚህ «መቶ ዓመት» የሚለውን ለሻጩ ተዉለትና ውስጧን መርምሩ።

በመጀመሪያ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ክዳኗን ግጠሙ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከፍታችሁ አሽትቱ። የአፈር ወይም የቆየ ሻይ ሽታ ችግር የለውም። የቀለም፣ የሰም ወይም የጋዝ ሽታ ካለ ለመደርደሪያ ትሁን። ቀጥሎ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ውስጧንም ውጪዋንም እሹ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ አትጠጡባት። ውስጧ የሚያብለጨልጭ ወይም በቀለም የተቀባ ከሆነና ምን እንደሆነ ካላወቃችሁም እንዲሁ። በአንዳንድ ቅቦች ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን ይኖራል፤ በዓይን አይለይም፣ ለሕፃን አእምሮ «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠንም አልተገኘለትም።

ይህን ካለፈች፣ ለሦስት አራት ቀን በንጹህ ውሃ ዘፍዝፏት፣ ውሃውንም በየቀኑ ቀይሩ። ከዚያ ማሟሸት ነው። ድስት ሥር ጨርቅ አንጥፋችሁ፣ በራዷንና ክዳኗን ለየብቻ አስቀምጡ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ በቀስታ እሳት አሙቁ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ከተንተከተከ በኋላ እዚያው ውሃ ውስጥ ትቀዝቅዝ።

አንድ ነገር አደራ፤ ይህች በራድ እንደ ጀበና ከሰል ላይ አትጣድም፣ ትሰነጠቃለች። ውሃው በሌላ ማንቆርቆሪያ ይፈላል። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ አለቅልቃችሁ አሙቋት። 120 ሚሊ ሊትር ለምትይዝ በራድ ከ5 እስከ 6 ግራም ቅጠል ጨምሩ፤ የፈላውን ውሃ አፍስሳችሁ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ በኋላ ሁሉንም ቅዱ። ያው ቅጠል አምስት ስድስት ጊዜ ይደገማል። ለአንድ በራድ አንድ ዓይነት ሻይ ምረጡ፤ ቅርንፉድና ቀረፋ አንዴ ከገባባት ሽታው አይለቅም። ስትጨርሱ አተላውን ደፍታችሁ፣ በሙቅ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ ክዳኗን ከፍታችሁ አድርቋት። አተላ ያደረባት በራድ ትሻግታለች።

አሁን ወደ ልጆቹ ልመለስ። በራዷ ንጹህ ብትሆንም ሻዩ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በምስሩ፣ በጎመኑና በእንጀራው ውስጥ ያለው የብረት ንጥረ ነገር ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላል። በሥራ ዘመኔ ደም አንሷቸው የሚመጡ ሕፃናት እናቶችን የምጠይቀው አንዱ ጥያቄ «ከምግቡ ጋር ምን ይጠጣል?» የሚል ነበር። ብዙዎቹ «ሻይ በዳቦ» ይሉኝ ነበር። ትንንሽ ልጆች ሻይ ባይለምዱ ይሻላል፤ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጨርሶ አይሰጥ። እርጉዞችና ደም ያነሳቸው ሰዎች ደግሞ ምግብ ከበሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተው ይጠጡ።

እንግዲህ እናቴ፣ በራድዎ ፈተናውን ካለፈች ከልጅዎ ጋር ይጠጡባት። የልጅ ልጆቹ ቅጠሉ ሲፈታ አጠገብዎ ቁጭ ብለው ይመልከቱ፤ በእነሱ ኩባያ ወተት ይቀዳላቸው። ልጅዎንም «ተታለልክ» ብለው አያሳዝኑት፤ የአሥር ዓመት በራድም ጥሩ ሻይ ታወጣለች።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።