ሹመት የውለታ ዋጋ ሲሆን

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የእኛ ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን የአሜሪካም ታሪክ ምሳሌውን ያሳየናል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1828 አንድሩ ጃክሰን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፣ በብዙዎቹ ግዛቶች ሀብት የሌለው ነጭ ወንድ ሁሉ የመምረጥ መብት አግኝቶ ነበር፤ ሴቶችና ባሮች ግን ከዚህ ውጭ ነበሩ። ጃክሰንም በ1829 ለምክር ቤቱ በላኩት መልእክት፣ የመንግሥት ሥራ ማናቸውም አስተዋይ ሰው ሊፈጽመው የሚችል ስለ ሆነ፣ ሹመት የማንም የግል ርስት አይደለም አሉ። አሳቡ መልካም እንደ ነበረ አንክድም።

ዳሩ ግን ከነባሮቹ ሹማምንት አንዳንዶቹ ተነሥተው ቦታቸው ለደጋፊዎች ተሰጠ። ከነዚህም አንዱ ሳሙኤል ስዋርትዋውት የኒው ዮርክ ወደብ ጉምሩክ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በ1838 ሥራውን ለቆ ወደ አውሮፓ ከሄደ በኋላ፣ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ መጉደሉ ታወቀ። አገሪቱ አንዳንድ የመንግሥት ሥራዎች በፈተና እንዲሰጡ ሕግ ያወጣችው በ1883 ነው፤ ያውም ሹመት የተነፈገ ሰው በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ተኩሶ ከገደለ በኋላ ነው።

ዛሬ በትምህርት ላይ ያላችሁ፣ ነገም ወንበር የምትረከቡ ወጣቶች ይህን ልታስቡበት ይገባል እንላለን። የሹመትን በር ለሁሉ መክፈትና ሹመትን ለወዳጅ ማከፋፈል አንድ አይደሉም። በተከፈተው በር የሚገባው ሰው በውለታ እንጂ በችሎታ ካልገባ፣ ርስቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ተላለፈ እንጂ ለሕዝብ አልተመለሰም።