ከዋንጫው በኋላ

ቭላርዲንገን ቤታችን ውስጥ ኳስ በተከፈተ ቁጥር አባቴ አንድ ታሪክ ያነሳል። ቀኑ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1962)፣ ቦታው አዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ኢትዮጵያ የያኔዋን የተባበረች ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብጽን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። አባቴ ያኔ ገና አልተወለደም፤ ሲያወራው ግን ስታዲየም የነበረ ነው የሚመስለው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ሲቀበል የአባቴ ታሪክ ያልቃል።

እኔን የሚስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አስመራ የተወለደው ሉቺያኖ አሰልጣኝ ለመሆን ሲነሳ «አምበል ነበርኩ» ብሎ አልተቀመጠም። ኢጣሊያ፣ ኮቨርቺያኖ ወዳለው የአሰልጣኞች ማሰልጠኛ ሄዶ እንደገና ተማሪ ሆነ። በደርግ ዘመን ተሰዶ ኢጣሊያ ከገባ በኋላም ሮም አጠገብ፣ ኦስቲያ ውስጥ፣ ልጆችን እግር ኳስ ያስተምር ነበር። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በዚያው ጨዋታ አራተኛውን ጎል ያስቆጠረው መንግሥቱ ወርቁም በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ተሳትፏል። የ1954ቱን ቡድን ያሰለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም የቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ። ዋንጫውም ቢሆን የመጣው አንድ ተጫዋች የሚያውቀውን ለሌሎች ስላስተላለፈ ነው።

ይህን የማነሳው የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ነው። በመጀመሪያው የተግባር ልምምዴ የተመደብኩት እጇ ወርቅ ከሆነ ነርስ ጋር ነበር። ደም ሥር ለማግኘት አንዴ መሞከር ይበቃታል። እኔን ግን «እንዲህ ነው» ትለኝና ወደ ሌላው ክፍል ትሄዳለች። በዚያው ሰሞን የመድኃኒት መጠን ስሌት ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ትምህርቱን ለመተው ወስኜ ነበር፤ ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ያዳነችኝ ከዚህ ማኅበር ተመርቃ የወጣች አንዲት እህት ናት። ለስድስት ቅዳሜ ከሮተርዳም በሜትሮ ቤታችን ድረስ መጣች። መልሱን አትነግረኝም፤ ስህተቴን ራሴ እስካገኘው ቡናዋን እየጠጣች ትጠብቀኛለች። ሦስተኛውን ፈተና አለፍኩ።

ሥራ ማወቅና ሥራ ማስተማር ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። እኛ የምናከብረው የመጀመሪያውን ብቻ ይመስለኛል። በየዓመቱ ለተመራቂዎቻችን እናጨበጭባለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ከዚያ ማን የት እንደደረሰ እንኳ አንጠያየቅም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሲያቋርጥ ደግሞ «ሰነፍ ነበር» ብለን እናልፋለን።

«ሥራ፣ ልጅ፣ ኪራይ፤ ጊዜ ከየት ይመጣል?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እውነታችሁን ነው። «እኔ ማስተማር አልችልም» የሚለውን ግን አልቀበልም። ሉቺያኖም ተምሮ ነው አሰልጣኝ የሆነው። ስለዚህ የማኅበሩን ኮሚቴ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ በሙያው የቀደመ አንድ ሰው ይመደብለት፤ ለተመደቡትም እንዴት እንደሚያግዙ የሚማሩበት አንድ ከሰዓት ይዘጋጅላቸው።

እናንተ የተመረቃችሁ ታላላቆቻችን፣ በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ ስጡን። እኔ በመጪው መስከረም ሁለተኛ ዓመት እገባለሁ፤ የስሌት ፈተና የሚያስፈራው አዲስ ተማሪ ካለ፣ የእኔ ቅዳሜ ክፍት ነው።