«መካከለኛ» የሚባለው ጥይት

ሽጉጥ በሚያፈቅሩ ሰዎች መካከል ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ እስከ ዛሬም ያልበረደ አንድ ክርክር አለ። ክርክሩ እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ለገበያ በቀረበውና «41 ማግነም» በሚባለው የሪቮልቨር ጥይት ዙሪያ የሚካሄድ ነው። ይህ ጥይት ሁለት ታላላቆች ነበሩት፤ አንዱ በ1935 የወጣው 357 ማግነም፣ ሌላው ከሃያ ዓመት በኋላ የተከተለው 44 ማግነም። 41 በሁለቱ መሐል ገባ። አፍቃሪዎቹም የሚያወድሱት በዚሁ ነው፤ ከአነስተኛው ድክመት ያመለጠ፣ የግዙፉ ጭካኔ ላይ ያልደረሰ፣ ልኩን ያወቀ፣ አስተዋይ ሰው የሚመርጠው መካከለኛ ጥይት ይሉታል።

ሙግት የሚያስፈልገው ይህ የመጨረሻው ውዳሴ ነው። ጥይቱ በሙያው ደንብ የተዋጣለት ሥራ መሆኑ አይካድም። ሐሰቱ ያለው «አስተዋይ» እና «ልኩን ያወቀ» በሚሉት ቃላት ውስጥ ነው፤ እነዚህ ቃላት ደግሞ ከተኩስ ሜዳው አልፈው እንደ ካርቱም ባለ ጦርነት ባረሰው ከተማ ውስጥ ሲደገሙ፣ ወደ ቤቱ ሊመለስ የሚያስብን ሰው ነፍስ ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

አስቀድሞ ግን ለአፍቃሪዎቹ የሚገባቸውን መስጠት ተገቢ ነው። የሦስቱ ጥይቶች ቀለህ ቁመቱ ተቀራራቢ ነው፤ 33 ሚሊ ሜትር ያህል። የሚለያዩት በውፍረትና በክብደት ነው። የተለመደው የ357 አረር 10.2 ግራም፣ የ41 ደግሞ 13.6 ግራም፣ የ44 ሲሆን 15.6 ግራም ይመዝናል። በሙሉ ኀይሉ የተሞላ 44 የተኳሹን መዳፍ ክፉኛ ይራገጣል፤ ደጋግሞ የተራገጠው ሰው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዐይኑን መጨፈን ይጀምራል፤ ዐይኑን የጨፈነም ዒላማውን ይስታል። 41 ይህን ርግጫ ያቀልለታል። የሁለቱ ሽጉጦች ግዝፈት እኩል ቢሆን፣ የ41 ቀዳዳዎች ጠበብ ስለሚሉ በሚሽከረከረው የጥይት ጎተራ ግድግዳ ላይ የሚተርፈው ብረት ይበዛል፤ ጥንካሬውም በዚያው መጠን። አጋዘን ለሚያድን፣ ሩቅ ያለ ብረት ለሚያልም ሰው እነዚህ ሁሉ ቁም ነገሮች ናቸው።

ከዚህ ሌላ የእጅ ሥራ ደስታ አለ። 41 በየሱቁ የማይገኝና ዋጋውም የማይቀመስ በመሆኑ ባለቤቱ ባዶ ቀለሁን አይጥልም። ይለቅመዋል፣ ያጸዳዋል፣ እሳት አስነሺውን ቆብ ይለውጣል፣ ባሩዱን በሚዛን ይሰፍራል፣ አዲስ አረር ይገጥምለታል። የቅዳሜ ከሰዓቱን በዚህ የሚያሳልፍ ሰው የሰዓት ሠሪ ዘመድ እንጂ ደም የጠማው አውሬ አይደለም። ብዙኃኑ የተወውን ነገር መውደድም የራሱ ኩራት አለው፤ አሮጌ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ የሽጉጥ አፍቃሪን ሁሉ በጅምላ ነፍሰ ገዳይ የሚያደርገው ቀላል ስብከት እዚህ ቦታ የለውም።

የጥይቱ ታሪክ ግን አፍቃሪዎቹ ከሚናገሩት ሌላ ነገር ይናገራል። እንዲሠራ የወተወቱት ኤልመር ኪት፣ ቢል ጆርዳንና ስኪተር ስኬልተን የተባሉ እውቅ ተኳሾችና የመሣሪያ ጸሐፊዎች ነበሩ። ሐሳባቸው ለፖሊስ የሚስማማ፣ ከ357 የበረታ፣ ከ44 የሚቀል ነገር ማግኘት ነበር። ሬሚንግተን ጥይቱን፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጡን ሠሩ፤ አንደኛው ሞዴል 57 የተባለ ያማረ፣ ሁለተኛው ሞዴል 58 የተባለ ጌጥ የሌለው የፖሊስ መሣሪያ። ጥይቱም በሁለት ዐይነት ቀረበ፤ ለዘብተኛ የፖሊስና ሙሉ ኀይል ያለው የአዳኝ። እንደ አማሪሎና ሳን አንቶኒዮ ያሉ የቴክሳስ ከተሞች ፖሊሶች ተቀበሉት፤ ይሁንና ነገሩ አልተስፋፋም። ሽጉጡ ቀኑን ሙሉ ለሚዞር ፖሊስ ወገብ ከበደ፤ ሙሉ ኀይል ያለው ጥይትም ለብዙው እጅ በረታ። በ1971 ደግሞ ክሊንት ኢስትውድ «ደርቲ ሃሪ» በተባለው ፊልም ባለ 44ቱን ይዞ ብቅ አለና የገዢው ሁሉ ዐይን ወደ ትልቁ ዞረ።

አፍቃሪዎቹ ይህን እንደ ፍትሕ መጓደል ያዩታል። ገበያው ጅል ነው፣ ፊልም አሳሳተው ይላሉ። ዳሩ ግን ገበያው ያን ያህል አልተሳሳተም። «ማግነም» የሚለው ቃል ራሱ በላቲን «ትልቅ» ማለት ነው። ትልቅነትን ፈልጎ የሄደ ሰው ትልቁን ቢመርጥ ምን ያስገርማል? ጥቂት ትልቅነት የፈለገው ደግሞ 357 አለው፤ ያም ርካሹን የ38 ጥይት ሳይቀር ይጎርሳል። በአረር ዓለም ውስጥ ልከኝነት የሚባል ዕቃ የሚፈልግ ደንበኛ ጥቂት ነው።

በአማርኛ «መካከለኛ» የሚለው ቃል የከበረ ነው። በተጣሉ ሰዎች መሐል የሚገባ፣ ገላጋይ፣ ለወዲያውም ለወዲህም የማያዳላ ሰው መካከለኛ ይባላል። ያ ጥይት መሐል ገባ ሲባል ግን የገባው በሁለት ጥይቶች መሐል ነው፤ በሁለት ሰዎች መሐል አይደለም። 13.6 ግራም አረር ከ15.6 ግራሙ በሁለት ግራም ያንሳል፤ የተመታው ሰው ግን ከሬሳና ከቁስለኛ መሐል የሚቆምበት ሦስተኛ ቦታ አይሰጠውም።

ለዚህ ማስረጃ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው መካከለኛ ጥይት በአፍሪካ ቀንድ የማያውቀው ልጅ የለም። በሶቪየት ኅብረት በ1943 የተነደፈው የክላሽ ጥይት በሙያተኞች ቋንቋ «መካከለኛ» ተብሎ የሚመደብ ነው። ሦስቱም 7.62 በሚባል ስም ይጠራሉ፤ የቶካሬቭ ሽጉጥ ቀለህ ቁመቱ 25 ሚሊ ሜትር፣ የረጅሙ የሩሲያ ጠመንጃ 54 ሚሊ ሜትር፣ የክላሹ ደግሞ በመሐል 39 ሚሊ ሜትር። የነዳፊዎቹ ስሌት ልክ የ41 አፍቃሪዎች ስሌት ነበር፤ ረጅሙ ጥይት ለወታደሩ ትከሻ ከሚገባው በላይ ይበረታል፣ የሽጉጡ ደግሞ አይበቃም፣ ስለዚህ መሐሉን እንያዝ። ስሌቱም ሠመረ፤ ሥልጠና የሌለው ወጣት፣ ሕፃን ሳይቀር፣ ትከሻው ሳይሰበር ሠላሳ ጥይት ማርከፍከፍ ቻለ። የጎንደርን ገጠር፣ የዳርፉርን መንደርና የካርቱምን ጎዳና ያዳረሰው ይኸው ልኩን ያወቀ ጥይት ነው። የርግጫው መቀነስ ገዳይነትን አለዘበ የሚል ካለ እነዚህን ቦታዎች ይጠይቅ።

እዚህ ላይ «የጦር መሣሪያ ፍቅር ባህላችን ነው» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ይሰነዘራል፤ በስደት ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ ይበልጥ ይጋጋላል። ባህል ነው ከተባለ ታሪኩን በቅጡ ማየት ይሻላል። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር የመጡ ስሞች ናቸው። ፎካሪው እንደ ልጁ ስም የሚያቆላምጣቸው ብረቶች ሁሉ የባዕድ ፋብሪካ ልጆች ነበሩ፤ ጥይታቸውም የባዕድ እጅ ካልተዘረጋ አይመጣም ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የዘመተው ጦር ግራ፣ ሬሚንግተን፣ ቬተርሊና ሌላም ሌላም ይዞ ነበር፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በርካታ የጥይት ዐይነት ይዞ ያን ያህል ጦር ወደ አንድ የጦር ሜዳ ማድረስ ከባድ የስንቅና የትጥቅ ሥራ ነው፤ የሚደነቀውም ያ ሥራ ነው። ለነገሩ 41 ማግነም የሚመካበት ውፍረት፣ በግርድፉ 10.4 ሚሊ ሜትር፣ ለኢትዮጵያ አዲስ እንግዳ አይደለም። የኢጣሊያ ወታደር ዐድዋ ላይ የያዘው የቬተርሊ ጠመንጃ፣ መኮንኑ በወገቡ ያንጠለጠለው የቦዴዮ ሪቮልቨርም በስማቸው 10.35 ሚሊ ሜትር ነበሩ። ያም መካከለኛ ልክ ለባለቤቶቹ ምን እንደፈየደ የካቲት 23 ቀን ታይቷል።

ከሱዳን ጋር ያለው ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በጥይት ቆስለው ሲሞቱ፣ በሁለቱም ወገን የሬሚንግተን ጠመንጃ ነበረ። ኢትዮጵያውያኑ ከግብፅ ጦር ጉንደትና ጉራ ላይ የማረኩት፣ መሐዲስቶቹም ከዚያው ከግብፅ ጦር በሱዳን ምድር የነጠቁት። የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ሁለት ጎረቤቶችን አዋጋ። ከዚህ ውስጥ የባህል ኩራት የሚያወጣ ሰው ብዙ ነገር መዝለል አለበት።

አሁን ወደ ዐማራት። ሰፈሩ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ጎን ያለ ነው፤ ስሙ በዐረብኛ «ሕንፃዎች» ማለት እንጂ በአማርኛ ሲጻፍ ከሚያስመስለው ቃል ጋር ዝምድና የለውም። ጎዳናዎቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ አርባ አንድ የሚባልም አለ፤ የቁጥሩ መገጣጠም ለሽጉጥ አፍቃሪ ፈገግታ ሊሆን ይችላል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ አውሮፕላን ማረፊያው ከመጀመሪያዎቹ የውጊያ ቦታዎች አንዱ ስለነበር የዐማራት ሰው ጥይቱን በመስኮቱ ነው የተቀበለው። ቤቶች ተያዙ፣ ተዘረፉ። የሱዳን ጦር ማረፊያውን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በተመላሹም፣ ልመለስ አልመለስ በሚለውም ዘንድ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፤ ቤት ለመጠበቅ አንድ ደህና ሽጉጥ ማኖር አይበጅም ወይ? ክላሽ አይደለም፣ ትልቅ ነገር አይደለም፤ ለራስ ብቻ የምትሆን፣ መካከለኛ።

ጥያቄው የፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም እውነተኛ ነው። መልሱ ግን ከሽጉጥ አፍቃሪዎች ማዕድ ሊገኝ አይችልም። አሪዞና ውስጥ 41 የሚያኖር ሰው ከበስተጀርባው መብቱን የሚያውቅ ሕግ፣ ሲደወልለት የሚመጣ ፖሊስ፣ ተኩሶ ቢገድል የሚሰማው ዳኛ አለው። የመሣሪያው «ልከኝነት» የሚሠራው በእነዚህ ውስጥ ነው። ዐማራት ላይ በሌሊት በር የሰበረው አንድ ሌባ ላይሆን ይችላል፤ በመኪና ላይ መትረየስ የጠመደ ቡድን ሊሆን ይችላል። በዚያ ፊት ስድስት ጎራሽ ይዞ መቆም ዘራፊውን ገዳይ ማድረግ ነው። ሬዲዮና ፍራሽ ወስዶ ሊሄድ የነበረ ሰው፣ የሽጉጥ አፍ ሲያይ ሌላ ውሳኔ ይወስናል።

ለኢትዮጵያዊው ደግሞ ተጨማሪ ዕዳ አለበት። በዚህ ጦርነት «ቅጥረኛ» የሚለው ክስ የውጭ ዜጎችን ሲከተል ኖሯል። ፍተሻ ላይ ሽጉጥ የተገኘበት ባዕድ «ለቤቴ ጥበቃ ነው» ብሎ የሚያስረዳው ለማን ነው? የመኖሪያ ወረቀቱ ያለቀበት ሰው ወረቀቱ በማለቁ ሊቀጣ ይችላል፤ ሽጉጥ ሲጨመርበት ክሱ ሌላ ይሆናል። በመተማ በኩል ወደ አገሩ ቢሻገርም ነገሩ አይቀልለትም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ያ መስመር ደግሞ በኮንትሮባንድ ሽጉጥ ስሙ የጠፋ ስለሆነ ፍተሻው የታወቀ ነው።

የዕቃው ጥራትም ሊረሳ አይገባም፤ አፍቃሪዎቹ ይህን ቢሰሙ እነሱም ያዝናሉ። በዚህ አካባቢ በጨለማ የሚሸጠው ሽጉጥ የሞዴል 57 ዘመድ አይደለም። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በመተማ መስመር እየተያዘ በዜና ሲነገርለት የኖረው ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ከፊሉ ለድምፅ ብቻ ተሠርቶ በኋላ እውነተኛ አረር እንዲተኩስ የተቀየረ ነው። ለድምፅ የተበጀ ብረት የእውነተኛ ጥይት ግፊት ሲመጣበት የሚፈነዳው በተኳሹ እጅ ላይ ነው። ጥይቱም ከየት እንደመጣ፣ ስንት ዓመት ፀሐይና እርጥበት እንደተፈራረቀበት የሚያውቅ የለም። በሚዛን ባሩድ የሚሰፍረው የአሜሪካ ጡረተኛ እንዲህ ያለውን ነገር በእጁም አይነካው።

«ታዲያ ባዶ እጁን ይቀመጥ?» የሚል ይኖራል። በ2015 ዓ.ም. የካርቱምን ሰው ያቆዩት ነገሮች በስም ይታወቃሉ፤ የሰፈር ወጣቶች ያቋቋሟቸው የአደጋ ጊዜ ክፍሎች፣ ምስርና ፉል የሚያበስሉ የጋራ ወጥ ቤቶች፣ ጀነሬተሩን ለጎረቤት ስልክ መሙያ ያዋለ ባለ ሱቅ፣ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ቦታ ያስያዘ ዘመድ። ብዙው ኢትዮጵያዊ ከተማዋን ጥሎ የወጣው በዚያ አውቶቡስ ነው። መንገዱም ኬላ የበዛበት ነበር፤ በየኬላው ወንዱ ወርዶ ይፈተሻል፣ ስልኩ ይታያል፣ ወገቡ ይዳበሳል። በወገቡ ምንም ያልተገኘበት ተሳፋሪ ገንዘቡንና ስልኩን እንኳ ቢቀማ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና መኪናው ወደሚቀጥለው ኬላ ይሄዳል።