የአገር ልብስን በዘወትር ስለ መልበስ

የእስኮትላንድ ሰዎች ኪልት ብለው የሚጠሩት የአገራቸው ልብስ ከወገብ እስከ ጕልበት የሚደርስ ፤ በስተኋላው ብዙ እጥፋት ያለው የሱፍ ሽርጥ ነው ። ጨርቁም ታርታን ይባላል ፤ ይኸውም ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው መስመሮች በቁመትና በወርድ እየተሻገሩ የሚሠሩት ነው ። ይህን ልብስ በዝና የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው ። ሆኖም በኤድንብራ ወይም በግላስጎ ከተማ ማክሰኞ ጧት ወደ ሥራው ከሚሄደው ሕዝብ መካከል ኪልት የለበሰ ቢገኝ መንገደኛው ዘወር ብሎ ያየዋል ፤ የሚያውቀውም ሰው «የማን ሠርግ ነው» ብሎ ይጠይቀዋል ። ልብሱ ከሣጥን የሚወጣው ለሠርግ ፤ ለምረቃ ፤ ለጭፈራና ለኳስ ጨዋታ ሆኗልና ።

አገሬው በገዛ አገሩ የአገሩን ልብስ ሲለብስ እንደ እንግዳ መታየቱ ለብዙ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል ። የልብሱን ታሪክ የመረመረ ሰው ግን ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ያስተውላል ።

ኪልት በመጀመሪያ የበዓል ልብስ አልነበረም ። ከ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሃይላንድ የሚባለው የሰሜኑ ደጋ ባላገር አንድ ሰፊ የሱፍ ጨርቅ በወገቡ ላይ በመታጠቂያ አጥብቆ የቀረውን እንደ ጋቢ በትከሻው ላይ ይጥለው ነበር ። ቀን ከብት ሲጠብቅ ዝናምና ብርድ ይከላከልበታል ፤ ወንዝ ሲሻገር ጕልበቱ ባዶ ስለ ሆነ አያውከውም ፤ ሌሊትም ፈትቶ ተጠቅልሎበት ያድራል ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የላይኛው ክፍል ቀርቶ የታችኛው ብቻ ተለይቶ ሲለበስ ዛሬ የሚታየው አጭሩ ኪልት ሆነ ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው ።)

በ1745 ቻርልስ ኤድዋርድ ስቱዋርት የአባቶቹን ዙፋን ለመመለስ በለንደን መንግሥት ላይ በተነሣ ጊዜ ከተከተሉት ሰዎች ብዙዎቹ እነዚህ ደገኞች ነበሩ ። በሚያዝያ 1746 በኩሎደን ሜዳ ሠራዊቱ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ድል ተመታ ። ከዚህም በኋላ ፓርላማው ደገኛውን ለማስገበር መሣሪያውን መግፈፍ ብቻ እንደማይበቃ አስቦ በልብሱም ላይ ሕግ አወጣ ። ከወታደር በቀር በእስኮትላንድ ያለ ወንድ ሁሉ ፤ ልጅም ቢሆን ፤ ኪልት እንዳይለብስ ተከለከለ ። በመጀመሪያ ለብሶ የተገኘ 6 ወር ይታሰራል ፤ ሁለተኛ የተገኘ ግን ባሕር ተሻግሮ 7 ዓመት ይጋዛል ። ሕግ አውጪዎቹ ልብሱን ከምድር ፈጽሞ ለማጥፋት አልፈለጉም ፤ ለንጉሥ የሚዋጋው ወታደር እንዲለብሰው ፈቅደዋልና ። የፈለጉት ባላገሩ በእርሻው ፤ በገበያውና በቤቱ እንዳይለብሰው ነበር ። ሰው በየቀኑ የሚለብሰው ልብስ የማን ልጅ መሆኑን በየቀኑ እንደሚያሳስበው ዐውቀው ነበርና ።

ሕጉ 36 ዓመት ከቈየ በኋላ በ1782 ተሻረ ። ነገር ግን በዚህ መካከል አንድ ትውልድ አልፎ ልጆቹ በሱሪ አድገው ነበርና ለተራው ባላገር ኪልት የዘወትር ልብስ ሆኖ አልተመለሰም ። ያነሡት መኳንንቱ ናቸው ። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ወደ ኤድንብራ በመጡ ጊዜ ደራሲው ሰር ዋልተር ስኮት ባሰናዳው ታላቅ ሥነ ሥርዓት ንጉሡ ራሳቸው ኪልት ለብሰው ታዩ ። በዚያው ዘመን ግን በሰሜኑ በሰዘርላንድ ግዛት ባለመሬቶች ለበግ ርቢ ቦታ ለማስፋት ሲሉ በ1814 እና በ1819 ባላገሩን ከስትራዝኔቨር ሸለቆ አስለቅቀው ቤቱን አቃጥለውበት ነበር ። ልብሱ ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባ የልብሱ ባለቤት ከአባቶቹ ቀዬ ወጣ ።

ከመኳንንቱም ሌላ ልብሱን ጠብቀው ያቈዩት ወታደሮች ናቸው ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የደገኞቹ ክፍለ ጦሮች በፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ ኪልታቸውን ለብሰው ተዋግተዋል ። ከእነርሱም አንዱ የሆነው የካሜሮን ክፍለ ጦር በ1941 ፤ ማለት በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1933 ፤ በከረን ተራሮች ላይ ከኢጣልያ ሠራዊት ጋራ በብርቱ ስለ ተዋጋ የያዘው ሸንተረር እስከ ዛሬ በጦርነት ታሪክ በስሙ ይጠራል ። አሁን ግን ለእስኮትላንድ ወታደርም ቢሆን ኪልት የሰልፍና የሥነ ሥርዓት ልብስ ነው ።

እንግዲህ ሕጉ ከተሻረ ከ240 ዓመት በላይ ሆኖታል ። ልብሱ ግን ዛሬም የሚገኘው ሕጉ ሊተውለት በወደደው ስፍራ ነው ፤ በሰልፍ አለ ፤ በእርሻና በገበያ ግን ብርቅ ነው ። ያን ጊዜ በእስራትና በግዞት የተፈለገው ነገር ዛሬ ያለ ዳኛና ያለ ወህኒ ቤት ይፈጸማል ። ስለዚህ ኪልቱን ለብሰው ወደ ሥራ የሚሄዱት ጥቂት ሰዎች ጌጥ ወዳዶች ተብለው ሊነቀፉ አይገባም ፤ የአባቶቻቸውን ነገር በትክክል ያስተዋሉ እነርሱ ናቸው ።

አንዳንዶች «የተከበረ ልብስ በየቀኑ ሲለበስ ይረክሳል ፤ ለበዓል መቀመጡ ክብሩ ነው» ይላሉ ። ይህ ለልብሰ ተክህኖ እውነት ነው ። ልብሰ ተክህኖ ከመጀመሪያው ለአገልግሎት የተለየ ስለ ሆነ ካህኑ ለብሶት ገበያ አይወጣም ። ኪልት ግን የእረኛና የገበሬ ልብስ ነበር ፤ ክብሩን ያገኘው ከሥራ ነው ፤ ከሥራ የተለየ እንደ ሆነ የሚቀረው ጌጡ ብቻ ነው ።

ሌሎች ደግሞ «አጭሩ ኪልት ጥንታዊ አይደለም ፤ ለየነገዱ የተለየ ቀለም መመደቡም አዲስ ነገር ነው» ይላሉ ። ታሪክ ጸሓፊው ህዩ ትሬቨር ሮፐር በ1983 በታተመ ጽሑፉ ይህን አጥብቆ አስረድቷል ። የነገዶቹ ቀለም አመዳደብ በአብዛኛው በ19ኛው መቶ ዓመት የተደራጀ መሆኑ እውነት ነው ። ነገር ግን በየቢሮው የሚለበሰው ኮትና ክራባትም የዛሬ መልኩን የያዘው በዚያው መቶ ዓመት ነው ፤ ስለ አዲስነቱ ግን ማንም አይነቅፈውም ። ልብስን የአገር ልብስ የሚያደርገው የዕድሜው ርዝመት ብቻ አይደለም ፤ ሕዝቡ የእኔ ብሎ መልበሱ ነው ።

ሦስተኛው ነቀፌታ የዋጋ ነው ፤ ይህም ሊታሰብበት የሚገባ ነው ። በደንብ የተሠራ ኪልት እስከ 8 ያርድ ፤ ማለት 7 ሜትር ያህል ፤ ሱፍ ይፈጃል ፤ እጥፋቱ በእጅ ሲሰፋ ዋጋው ብዙ መቶ ፓውንድ ይደርሳል ። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ለሠርግ ቀን ተከራይተው ይለብሱና በማግሥቱ ይመልሱታል ። የአገሩን ልብስ የሚከራይ ሰው ግን በአገሩ ልብስ እንግዳ ሆኖ ይኖራል ።

መድኀኒቱ ሩቅ አይደለም ። ልብስ ሰፊዎች በጥቂት ጨርቅና በቀላል ሱፍ የሥራ ኪልት ቢያበዙ ፤ ለባሹም የብር ጌጡን ለበዓል ትቶ ከተራ ሸሚዝና ከተራ ጫማ ጋራ ቢለብሰው ወጪው ይቀንሳል ። የመሥሪያ ቤት አለቆችና የትምህርት ቤት ሹማምንት ኪልትን ከኮትና ከሱሪ እኩል የሥራ ልብስ አድርገው ቢቈጥሩት ወጣቱ አያፍርበትም ። ለባሹን የሚያላግጥበት ፤ ይልቁንም እጁን ሰድዶ ልብሱን ሊገልጥበት የሚደፍር ሰው የሰውን ክብር እንደሚነካ ዐውቆ ሊታረም ይገባዋል ።

እነዚህ ነገሮች ከተደረጉ ማክሰኞ ጧት ኪልት ለብሶ የሚወጣውን ሰው የማን ሠርግ ነው ብሎ የሚጠይቀው አይኖርም ። የ1746 ሕግም በእውነት ተሻረ የሚባለው ያን ጊዜ ነው ።