መልሱ ስንት ነው?

በአማርኛ «መልስ» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ይሠራል። መምህር ጠይቃ ከተማሪዋ የምትጠብቀውም መልስ ነው፤ ባለሱቅ ሒሳቡን ቆርጦ የሚመልሰው ገንዘብም መልስ ነው። ብዙ ልጆቻችን በመጀመሪያው ጎበዞች ናቸው። «50 ሲቀነስ 35» ተብለው ሲጠየቁ ደብተራቸው ላይ 15 ብለው ይጽፋሉ። 50 ብር አስይዘን የ35 ብር ብስኩት እንዲገዙ ስንልካቸው ግን ባለሱቁ የሰጣቸውን ሳይቆጥሩ ጨብጠው ይመጣሉ።

አይፈረድባቸውም፤ የዛሬ ልጅ ገንዘብን በዓይኑ የሚያይበት ጊዜ እያነሰ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የተወለደ ልጅ፣ እናቱ ስልኳን ነካ ነካ ስታደርግና ዳቦው ፌስታል ውስጥ ሲገባ እያየ ነው ያደገው። ለእኛ ሥራ ያቀልልናል። በልጁ ዓይን ግን ከእናቱ እጅ የወጣም ሆነ የጎደለ ነገር የለም፤ ስልኩ እንዳለ አለ። ስለዚህ «ብር የለም» ስንለው እንደ ክልከላ እንጂ እንደ ሒሳብ አይሰማውም። ለዚህ ነው ትንንሽ ልጆችን ገንዘብ ስናስተምር ስልኩን አስቀምጠን ብሩን እጃቸው ላይ ማድረግ ያለብን።

በመለየት ጀምሩ። የ1 ብር ሳንቲም፣ ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 50፣ ባለ 100 እና ባለ 200 ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ ከአንድ ባለ 100 ይልቅ አምስት ባለ 10 ብሮችን ቢመርጥ አትገረሙ፤ አምስት ከአንድ ይበልጣላ! የጎደለው አንድ ወረቀት ብዙ ብር መያዝ እንደሚችል ማወቅ ነው። ይህን ደግሞ በመዘርዘር ይማረዋል። «ይቺን 10 ብር ዘርዝርልኝ» በሉትና አሥር ሳንቲም ቆጥሮ ይስጣችሁ። ከዚያ 50ውን በአምስት ባለ 10፣ 100ውን በሁለት ባለ 50፣ 200ውን በሁለት ባለ 100 ይዘርዝር። እያንዳንዱን ደጋግሞ በእጁ ሲቀያይር ልዩነቱ ይገባዋል።

ቀጥሎ መደመር ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ከትልቁ ጀምሮ ወደ ትንሹ። 50፣ ሁለት ባለ 10፣ አንድ ባለ 5 እና ሁለት የ1 ብር ሳንቲሞች ካሉት፣ «50፣ 60፣ 70፣ 75፣ 76፣ 77» እያለ ይቁጠር። የታክሲ ረዳት ብሩን በየዓይነቱ አጥፎ በጣቶቹ መሐል ሲይዝ አሳዩት፤ ገንዘብ ተለይቶ ሲያዝ ለመቁጠር እንደሚቀል ከዚያ የተሻለ ማሳያ የለም።

መልስ መቁጠር ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም መቀነስ ይመስላል። ባለሱቆች ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቀንሱም፤ ወደ ላይ ይደምራሉ። ዕቃው 35 ብር ከሆነ 5 ብር ያስቀምጡና «40» ይላሉ፤ 10 ይጨምሩና «50» ይላሉ። መልሱ 15 ነው። ልጃችሁም ከቤት ሳይወጣ «ስንት ይመለስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሱቁ ጋ ደግሞ ከመስኮቱ ሳይርቅ ይቁጠር። መቁጠር ባለሱቁን መጠርጠር እንዳልሆነ ንገሩት። ጎድሎ ሲያገኝ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ተርፎ ሲያገኝም ይመልሳልና። «ዝርዝር የለኝም» ተብሎ ማስቲካ ሲሰጠው ደግሞ ማስቲካውም ዋጋ እንዳለው፣ ካልፈለገም በትሕትና «አይ፣ ብሩን ነው የምፈልገው» ማለት እንደሚችል ይወቅ።

የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ከረሜላና ቸኮሌት ካሸሯ አጠገብ፣ በልጅ ዓይን ቁመት ልክ የሚደረደሩት በአጋጣሚ አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ «ግዢልኝ» ከሚል ልጅ ጋር መከራከር አድካሚ ነው። ከመግባታችሁ በፊት 60 ብር ሰጥታችሁ «ያንተ ይቺ ናት» ካላችሁት ግን ዋጋ ማየትና መደመር ይጀምራል፤ «ይበቃኛል?» ብሎም ይጠይቃል። መልሱን አትንገሩት፤ ራሱ ይቁጠር።

አሁን ደግሞ ጥሩ አጋጣሚ እየመጣ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ከዚያ እንቁጣጣሽ ይከተላል። «ሆያ ሆዬ» የሚሉት ወንዶችም ሆኑ «አበባየሆሽ» የሚሉት ሴቶች ማታ ላይ ክብ ሠርተው የሰበሰቡትን ይካፈላሉ። አምስት ልጆች 340 ብር ካገኙ ለእያንዳንዳቸው 68 ይደርሳል። ግን አብዛኛው ብር በባለ 100 ከሆነ መጀመሪያ ማዘርዘር አለባቸው። ክርክሩን ቶሎ ገብታችሁ አትፍቱላቸው፤ ሒሳቡ እዚያ ውስጥ ነው።

ልጁ ድርሻውን ይዞ ሲገባ ብዙዎቻችን የምንለው ይታወቃል፦ «አምጣ፣ ላስቀምጥልህ»። ብዙ ጊዜ ያ ብር ተመልሶ አይታይም። ልጁ ግን አይረሳውም፤ የሚማረውም የቆጠረው ገንዘብ የእሱ እንዳልሆነ ነው። ከመረከባችሁ በፊት እሱ ራሱ ይቁጠር፤ ድምሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ይለጥፍ። ሲያወጣ ይቀንስ፣ ሲጨምር ይደምር። በጠየቀ ጊዜም በወረቀቱ ላይ ያለውን ያህል ሳታጎድሉ ስጡት።